ስኩተሬ ለማን ተነሳች?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንግባባ ወዳጄ፣ እኔ ጂን ታየኝ፣ መንፈስ ጠራኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ወሬውን ሳይጨርስ ጥዬው የምነሳ ሰው ነበርኩ፣ መነሳት በምችልበት ዘመን ማለቴ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩት ታክሲ ስነዳ ነው፣ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ደግሞ የማይወራ ነገር አልነበረም፣ አንዱ ነጭ የለበሰች ሴት ጭኜ ዞር ስል ከኋላ ወንበር ጠፋችብኝ ይላል፣ ሌላው ሬዲዮው ተዘግቶ እያለ የሞተው ወንድሜ በስሜ ጠራኝ ይላል፣ የኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፣ "ወንድሜ፣ ደብል ሺፍት ሠርተህ ነው፣ ሂድና ተኛ።" እመነኝ፣ አሁን የምነግርህን ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ እሱንም ሂድና ተኛ እለው ነበር። ችግሩ ግን የዚያን ቀን በደንብ ተኝቼ ነው የተነሳሁት፣ መጠጥ ከተውኩ ቆይቻለሁ፣ መድኃኒቴንም በሰዓቱ ውጫለሁ፣ ፀሐይዋም ገና አልጠለቀችም ነበር።

ስሜ ዘውዴ ነው፣ እዚህ ያለው አበሻ ጋሽ ዘውዴ ይለኛል። ስኳር ግራ እግሬን ከጉልበቴ በታች ከወሰደብኝ ወዲህ የምንቀሳቀሰው በስኩተር ነው፣ ያቺ ሱፐርማርኬት ውስጥ አሮጊቶች ሲነዷት የምታያት፣ ፊቷ ላይ ቅርጫት የተንጠለጠለባት ባለ አራት ጎማ። ሰው ሠራሽ እግርም ሰጥተውኝ ነበር፣ ቁስል በቁስል ስላደረገኝ ቁም ሣጥን ውስጥ አቁሜዋለሁ፣ ከኔ በተሻለ ይቆማል። ዕድሜ ልኩን የነዳ ሰው በሰው እርምጃ በምትሄድ ነገር ላይ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚያናድድ አትጠይቀኝ። ሊፍት ውስጥ ስገባ ሰው እንደ ትልቅ ሻንጣ ያየኛል፣ አስተናጋጅ እኔን ትቶ አጠገቤ ያለውን ሰው "ምን ይፈልጋል?" ብሎ ይጠይቃል፣ እግሬ እንጂ ምላሴ እኮ አልተቆረጠም። አሁን ደግሞ ስትሪፑ በሚባለው የካሲኖዎቹ ጎዳና ላይ ሹፌር አልባ ታክሲዎች መጥተዋል፣ አንዳንዶቹ መሪ እንኳ የላቸውም፣ መንገድ ሳቋርጥ በትሕትና ቆመው ያሳልፉኛል፣ እኔ ግን ከምስጋና ይልቅ ስድብ ነው የሚመጣልኝ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ በመርከብ እሄዳለሁ ማለቴ ነው ጣጣውን ያመጣው። ወጣት ሳለሁ አሰብ መስመር ላይ የጭነት መኪና እነዳ ነበር፣ ወደቡ ላይ ጭነት ስጠብቅ ስንት ቀን ውዬ አድሬያለሁ፣ መርከቦቹ ተደርድረው መብራታቸውን አያለሁ፣ ሹፌር ግን ከመጫኛው አልፎ አይሄድምና አንዱም ላይ እግሬን ሳላሳርፍ አገር ጥዬ ወጣሁ። አሁን ጡረታ የወጡት የታክሲ ጓደኞቼ ከሎንግ ቢች ወደብ ተነስተን፣ ሜክሲኮ ደርሰን፣ ሳምንት ባሕር ላይ ሰንብተን እንመለሳለን ሲሉ ያ ሁሉ ነገር ተነሳብኝ። ሁለት እግር በነበረኝ ጊዜ ያልሄድኩትን በአንድ እግሬ እሄዳለሁ ብዬ ለልጄ ለሜሮን ነገርኳት።

ሜሮን ነርስ ናት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሄንደርሰን ቤት ያላት። አማርኛዋ ለጨዋታ ቢያጥራትም ለክርክር አያጥራትም። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከእሷ ጋር እንድኖር ታች ያለውን ክፍል አዘጋጅታ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መያዣ ብረት አስገጥማ፣ መቼ ነው የምትገባው እያለች ትጨቀጭቀኛለች። እኔ ደግሞ ፓራዳይዝ ያለችውን አፓርታማዬን አልለቅም። ጠባብ ናት፣ ግን በሬን ራሴ እከፍታለሁ፣ ራሴ እዘጋለሁ፣ ጎረቤቶቼ የሆቴል ሠራተኞች ስለሆኑ በማንኛውም ሰዓት የሚወጣና የሚገባ ሰው አለ፣ ሄንደርሰን ከገባሁ ግን ልጄ ሥራ ሄዳ እስክትመለስ ከግድግዳ ጋር ስፋጠጥ መዋሌ ነው። የመርከቡን ነገር ስነግራት ሱፐርማርኬት ውስጥ በቲማቲሙና በሽንኩርቱ መካከል ተቀርቅሬ የቀረሁበትን ቀን አነሳችብኝ፣ እኔም ያኔ የባትሪው ጥፋት ነው አልኩ፣ እንዲህ ስንል ስንል በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ።

"አባዬ፣ ዲል እናድርግ። ሌክ ሚድ ላይ የዲነር ክሩዝ አለ። ብቻህን ሂድ። ምንም ፕሮብለም ሳይኖር፣ ማንም ለኔ ሳይደውል ከተመለስክ ትልቁን መርከብ እኔ ራሴ ቡክ አደርግልሃለሁ፣ ስለ ሩሙም ሁለተኛ አላወራም። ከደወሉልኝ ግን እኔ ጋ ሙቭ ታደርጋለህ። ፕሮሚስ?"

ፕሮሚስ አልኳት። ይህንን ልብ በልልኝ፣ ለሌላው ሰው ያ ጉዞ እራት በልቶ ሐይቁን የገደበውን ትልቁን ግድብ አይቶ መመለስ ነው፣ እኔ ግን አፓርታማዬን አስይዤ ነው የሄድኩት።

ወደ ጀልባው ከመግባቴ በፊት ስለ ስኩተሬ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ያለዚህ የኋላው አይገባህም። መቼም እኛ ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብለን አንቀበልም፣ ብድግ እንልና "ኖር" እንላለን፣ እሱም "በእግዜር" ብሎ ያስቀምጠናል፣ ሲወጣም እንደዚሁ ብድግ ብለን እንሸኘዋለን፣ ይህ ቀላል ነገር እግር እንደሚፈልግ የገባኝ እግሬን ሳጣ ነው። ለቅሶ ቤት ወይ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተቀምጠን ሽማግሌ ሲገባ ሰው ሁሉ ይነሳል፣ እኔ ብቻ እንደ ችካል ተተክዬ እቀራለሁ፣ "አንተማ ተቀመጥ፣ አንተማ ምን ታደርግ" ሲሉኝ ደግሞ ከስድብ በላይ ያመኛል። አንድ ቀን ለቅሶ ላይ ንዴቴ አናቴ ላይ ሲወጣ፣ ሰው ብድግ ሲል እኔ የስኩተሯን የኋላ ማርሽ ነካሁና ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሸሸሁ። ወደ ኋላ ስትሄድ ትጮሃለች፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ሐዘን ላይ መሆኑን ረስቶ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ የገቡት ሽማግሌ ግን አልሳቁም፣ ወደኔ ዞረው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው "በእግዜር" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የኔ ብድግ ማለት ይኸው ሆነ፣ አበሻው ሁሉ ለምዶታል፣ "የጋሽ ዘውዴ ስኩተር ተነሳች" እያሉ ይቀልዳሉ።

በቀጠሮው ቀን ሜሮን ቦልደር ሲቲን አልፋ ሐይቁ ዳር አደረሰችኝ። ቦታ ስንይዝ ስልኩን ያነሳው ሰው ጀልባው ለስኩተር ሙሉ በሙሉ ምቹ ነው ብሎ ምሎ ነበር። ምቹ የሚሉት እንዲህ ከሆነ ያልተመቸውን አያሳየኝ። ውሃው ከዓመት ዓመት እየሸሸ ስለሆነ ጀልባ ማቆሚያውን እየተከተሉ ወደ ታች ወስደውታል፣ ከፓርኪንጉ ጀምሮ ቁልቁለት ነው፣ ከዚያ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ረጅም ድልድይ አለ፣ ጎማዬ በየመጋጠሚያው ሲነጥር ወገቤ ይሰማዋል። ዙሪያውን ውሃው ጥሎት የሄደው ነጭ ዐለት ቆሟል፣ ውሃው ሲሸሽ ከሥሩ በርሜል ውስጥ የተከተተ ሬሳ ሳይቀር ብቅ እንዳለ እዚህ ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ እኔ ግን ያን ሰዓት የማስበው ስለ ፍሬኔ ነበር።

መግቢያው ላይ ዴቢ የምትባል፣ ክንዶቿ በፀሐይ የቀሉ፣ ግዙፍ ሴትዮ ተቀበለችን፣ የጀልባው ሠራተኛ ናት። ሜሮንን እያየች "መራመድ ይችላል?" አለቻት። እኔን ጠይቂኝ አልኳት፣ ይቅርታ ሃኒ አለችኝ፣ ሁሉንም ሰው ሃኒ ነው የምትለው። ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ሕጓ ነው ክፉ። ወደ ላይኞቹ ፎቆች መውጫው ደረጃ ብቻ ስለሆነ ታች ካለው ክፍል አልወጣም፣ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ስኩተሯ መጥፋት አለባት፣ ቁልፉም መነቀል አለበት፣ ጎማዋም ታኮ ይደረግበታል፣ አንድ ችግር ከተፈጠረ ደግሞ የቤተሰብ ስልክ ይደወላል። የተመዘገበው የሜሮን ስልክ ነው። ሜሮን ይህን ስትሰማ ቅንድቧን አነሳችብኝና መኪናው ውስጥ እጠብቅሃለሁ ብላ ሄደች።

ዴቢ ከመስኮቱ አጠገብ ካለች ለሁለት ሰው የተሰናዳች ጠረጴዛ አስጠግታ አቆመችኝ፣ ከኋላ ጎማዬ ሥር የጎማ ታኮ በእግሯ መትታ አስገባች፣ ቁልፉን ስነቅልና ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ስከት ቆማ አየች። ጀልባው ሲነሳ ሰው ሁሉ መጠጡን ይዞ ግድቡን ለማየት ወደ ላይ ወጣ። ሙዚቃው ከላይ፣ ሳቁ ከላይ፣ ግድቡም ከላይ ሆነ፣ እኔ ከታች ከመጸዳጃ ቤቱ በር ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ። ንድድ አልኩ። ለዚህ ነው ሸሚዝ ያስተኮስኩት ብዬ ብቻዬን አጉረመረምኩ፣ ግን ልደውልም፣ ልማረርም አልችልም፣ ውሌ ውል ነውና ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ከወለሉ ሥር ነው። ኳ አለ፣ ቆየና ደግሞ ኳ አለ፣ በዱላ ቀስ ብሎ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። የጀልባው ሞተር ነው አልኩ፣ ሞተር ግን ድምፁ አይቆራረጥም፣ ይህን እኔ አልሳሳትም። ከዚያ ሽታ መጣ፣ ዝናብ ሲመታው እንደሚሸት ደረቅ ጭቃ ዓይነት፣ መስኮቱ ደግሞ ዝግ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከፊት ለፊቴ ማንም ያልነካው የውሃ ብርጭቆ ነበር፣ የኔ ውሃ ዝም ብሎ ሳለ የዚያኛው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ጀልባው ነው አልኩ፣ ሁለቱም ብርጭቆ ያለው እዚያው ጀልባ ላይ መሆኑን ያሰብኩት በኋላ ነው።

ቀጥሎ ከኋላዬ በር ተከፈተና እርምጃ ሰማሁ። ዘገምተኛ ነው፣ አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣ ዱላ፣ ደግሞ አንድ እግር። ከላይ አንድ ሽማግሌ ደረጃውን ወርዶ መጸዳጃ ቤት ሊሄድ ነው ብዬ አልዞርኩም፣ ስኩተር ላይ ሆኖ መዞር ራሱ ሥራ ነው። እርምጃው ከበስተኋላዬ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ። ወዳጄ፣ ያን ዓይነት ጉሮሮ ማጥራት ታውቀዋለህ፣ የኛ ሽማግሌ ደጅ ላይ ደርሶ ከመግባቱ በፊት መጥቻለሁ ለማለት የሚያደርገው፣ ፈረንጅ እንዲህ አያደርግም። እኔም ዞሬ ሳላይ፣ የት እንዳለሁም ሳላስብ፣ አፌ ቀድሞኝ "ኖር" አልኩ።

እጆቼ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ማርያምን እልሃለሁ፣ ምንም አልነካሁም። ስኩተሯ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለችና ከታኮው ጋር እየታገለች ወደ ኋላ ሸሸች።

"በእግዜር" አለ አንድ ድምፅ ከፊት ለፊቴ፣ ከባዶው ወንበር። "ተቀመጥ ልጄ፣ ለኔ ብለህ አትነሳ።"

የደከመ የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ የአገራችን ሰው ነው፣ የየት አካባቢ እንደሆነ ግን ልለየው አልቻልኩም። ወንበሩ ከጠረጴዛው ራቅ ብሏል፣ ዴቢ ስታቆመኝ ገባ ብሎ ነበር። ማንም የለበትም። ግን ትንፋሽ ይሰማኛል፣ ረጅም መንገድ በእግሩ መጥቶ አረፍ ያለ ሰው ትንፋሽ። እንዴት ደነገጥክ ብትለኝ፣ ጉድ የሚያሰኘው ድንጋጤው ብቻ አልነበረም፣ በዚህ ዕድሜዬ ልጄ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ስንት ዘመን ሆኖኛል፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ፣ እኔ ግን ያሳደገኝ ሰው አሳድጎኛልና እንግዳን ዝም አልለውም።

"አባቴ፣ ማን ልበል?" አልኩ።

 ብርጭቆው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እንዲህ አለኝ።

"ይሄ ሐይቅ ነው። ባሕሩስ መቼ ነው?"

እኔ ስለ ባሕሩ እዚያ ጀልባ ላይ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለዴቢም፣ ለማንም።

እግዜር ይስጣት ዴቢ ምግብ ይዛ በዚያው ሰዓት ከተፍ አለች። ጥሩ ነው፣ ሰው መጣ ብዬ ደስ ሲለኝ እሷ ግን ስኩተሯን አየችና ፊቷ ተለወጠ፣ እንዳትነሳ ብዬህ ነበር አለችኝ። አልነካኋትም አልኳት። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ታኮውን አየች፣ ተገፍቶ ግድግዳ ሥር ደርሷል፣ ቁልፉን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ የፊት ለፊቱን ወንበር አየችና "ሌላ ሰው እየጠበቅክ ነው? ሁለተኛ ሳህን ላምጣ?" ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት።

ሕጉ እንዲህ ሲሆን ቤተሰብ ጥሪ ነው የሚለው አለችኝ፣ ማሽኑ ራሱ የሚነሳ ከሆነ ለመንገደኛውም አደጋ ነው፣ አንተም የደህና ሰው መልክ የለህም አለች። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ንዴት ፍርሃቴን ያሸነፈው። አስበው፣ የማይታይ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ እኔ ግን የምለምነው ለልጄ እንዳይደወል ነው። ጀልባው ሲወዛወዝ እጄ ነክቶት ይሆናል፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄን አታስደንግጫት አልኳት፣ ያላጠፋሁትን ጥፋት ወሰድኩ። ዴቢ ትንሽ አሰበችና ቁልፉን እኔ ልያዝልህ ብላ ወሰደችው፣ ታኮውንም እንደገና በእግሯ መትታ አስገባች። ስትሄድ በዚያ በኩል ማን ገብቶ ነበር ብዬ ጠየቅኋት፣ በጣቴም ከኋላዬ ያለውን በር አሳየኋት። በዚያ በኩል ሰው አይገባም ሃኒ አለችኝ፣ ከበሩ ውጭ አንድ ሰንሰለት ነው ያለው፣ ከሰንሰለቱ ማዶ ውሃ ነው።

ምግቡን አልቀመስኩትም። ጀልባው ግድቡ ጋ ዞሮ ተመልሰን ማቆሚያው እስክንደርስ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምጠብቀው። መቼም ትልቅ ሰው ሲገባ እንደምንነሳ ሁሉ ሲወጣም እንነሳለን ብዬሃለሁ፣ ስኩተሯ ሲገባ ከተነሳችለት ሲወጣም ትነሳለታለች ብዬ ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኩ። ቁልፉ ዴቢ ጋ ነው፣ ቢሆንም ጠበቅኩ። ብርጭቆው መንቀጥቀጡን አቆመ፣ ሽታውም ጠፋ፣ ከላይ ሰው እየሳቀ መውረድ ጀመረ፣ ጀልባው ከማቆሚያው ጋር ገጨት ብሎ ቆመ፣ ዴቢ መጥታ ታኮውን አነሳች፣ ቁልፌንም ሰጠችኝ። ስኩተሯ ግን አንዴም አልጮኸችም።

አሁን የምነግርህ ሹፌር ካልሆንክ ላይገባህ ይችላል። የታክሲ ሹፌር ከኋላ ሰው መጫኑን ለማወቅ መስታወት አያይም፣ መኪናዋ ትነግረዋለች፣ ሞላው ዝቅ ይላል፣ ስትነሳ ትዘገያለች፣ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ብቻውን ይሁን ከሻንጣ ጋር ከመቀመጫህ ታውቀዋለህ። ከጀልባው ወጥቼ ያንን ተንሳፋፊ ድልድይ አልፌ ዳገቱን ስጀምር ስኩተሬ ሰው ጭናለች። እመነኝ፣ ይህን የምለው በፍርሃት አይደለም፣ በሙያዬ ነው የምልህ። ባትሪው ሙሉ መሆኑን መብራቱ ያሳያል፣ እሷ ግን ታቃስታለች፣ ፊቷ ቀለል፣ ኋላዋ ከበድ ይላል። ሜሮን ከመኪናዋ ወርዳ እየሮጠች መጣችና ከኋላ መቀመጫውን ይዛ ገፋ ገፋ አደረገችኝ፣ ወዲያው መሳቅ ጀመረች።

"ኧረ አባዬ፣ ምን አበሉህ? ሄቪ ሆነሃል እኮ።"

ጨጓራዬ ውስጥ ውሃ እንኳ አልነበረም። 

መኪና ውስጥ ሜሮን መሪውን ይዛ ሳትነሳ ቆየች፣ ዴቢ አልደወለችም፣ ማንም አልደወለም፣ ስልኳን ስታይ ነው የዋለችው። ከዚያ በዚያ አማርኛዋ "አባዬ ሶሪ፣ ትችላለህ። ቢሊቭ ማድረግ ነበረብኝ" አለችኝ፣ እኔም አንገቷን አቅፌ ሳምኳት። የሕይወቴ ትልቁ ድል መሆን ሲገባው ጀርባዬን ይበርደኝ ነበር።

ይህ ከሆነ ወራት አልፏል። ስኩተሯን ሁለት ጠጋኞች አይተዋታል፣ ሁለቱም ጤነኛ ናት አሉኝ፣ አንደኛው ክብደት ቀንስ ብሎ መከረኝ፣ እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አጥብቄያለሁ። አንዳንዴ ሊፍት ውስጥ ስገባ ሰው ሳያውቀው ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ይለቅልኛል። ኧረ ለቄስ ንገር ትለኝ ይሆናል፣ ቄሱ የሜሮን የንስሐ አባት ናቸው፣ ቢጨነቁልኝ ለእሷ ይነግሯታል። ለሜሮን ብነግራትስ? ነርስ ናት እኮ፣ ሰው የሌለበት ወንበር አናገረኝ ብላት ምን እንደምትለኝ፣ የትኛውን ሐኪም እንደምትጠራ አውቃለሁ፣ ያ መያዣ ብረት የተገጠመለት ክፍል ይጠብቀኛል። ዝም ካልኩ ግን ሳምንት ሙሉ ባሕር ላይ ነኝ፣ የባሕሩን ቀን የሚጠብቀው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ እያወቅኩ። ሃምሳ ዓመት የተመኘሁትን መርከብ፣ ተከራክሬ ያሸነፍኩትን መርከብ፣ አሁን እንዴት ብዬ ይቅርብኝ እላለሁ? እንዴት ብዬስ እሄዳለሁ? እንዲህ ያለ መቀርቀር አይቼ አላውቅም፣ ለዚህ ነው ለማታውቀኝ ለአንተ የምነግርህ።

ትናንት ሜሮን ከሥራ ቦታዋ ደወለችልኝ። የመርከቡ ሰዎች መስመር ላይ ናቸው፣ የስኩተር መግቢያ ያለው ሰፊ ክፍል ተገኝቷል፣ አሁኑኑ ኮንፈርም ላደርግ ነው አለችኝ፣ ድምፅዋ ደስታ ብቻ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀውኛል አለች።

"አባዬ፣ ክፍሉ ውስጥ የምትሆነው ብቻህን ነህ፣ አይደል?"

ሄሎ አለች፣ አባዬ ትሰማኛለህ አለች፣ መስመሩ ተቋረጠ ብላ ዘጋችው። ከትናንት ጀምሮ ትደውላለች፣ እስካሁን አላነሳሁም።